የሰርቨር ዲስክ ፈርምዌር፦ ልንካው ወይስ ልተወው?

«ሲስተም የለም።» ጉዳይ ለማስፈጸም ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። ከመስኮቱ ወዲህ ለቆመው ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ነገ ይመለሳል። ከመስኮቱ ወዲያ ግን፣ ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፋኑ የሚጮህ አንድ ሳጥን አለ። የታካሚው ካርድ፣ የቆጣቢው ሒሳብ፣ የተማሪው ውጤት እዚያ ሳጥን ውስጥ ባሉ አራት ወይም ስድስት ዲስኮች ላይ ነው ያለው።

እኔ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን እየዞርኩ አያለሁ። ከፒያሳ እስከ አዘዞ የማውቃቸው ሰርቨሮች አብዛኞቹ በአንድ ሰው እጅ ላይ ናቸው። ያ ሰው ኔትወርኩንም ይዘረጋል፣ ፕሪንተሩንም ይጠግናል፣ ሲስተም ሲጠፋም የሚጠየቀው እሱ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ያሉ ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የዲስኩን ፈርምዌር አፕዴት ላድርገው ወይስ ልተወው?» መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፈው አልኩ።

ሦስቱም ጥያቄያቸውን የጨረሱት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብኝ» ብለው ነው። እየሰራ ያለን ነገር ምን አስነካኝ ማለታቸው ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም አለብኝ። ግን ያልነካነው ዲስክ ሁሉ ደህና ይመስለናል። ደህና ያልሆነበት ጊዜ አለ፤ እሱን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ፈርምዌር ምንድን ነው? እያንዳንዱ ዲስክ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የራሷ ፕሮሰሰርና የራሷ ሜሞሪ አላት። ሰርቨሩ «ይህን ጻፍ፣ ያንን አምጣ» ሲል የት እንደሚጻፍና ከየት እንደሚወጣ የምታውቀው እሷ ናት። ኤስኤስዲ ላይ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው፣ ዳታውን በቺፕ ላይ በሚይዘው ዲስክ ላይ፣ ሥራዋ ይበዛል። ኤስኤስዲ አንድ ቦታው ላይ ደጋግመው ሲጽፉበት ያ ቦታ ያረጃል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ብቻ እንዳይጎዳ ዳታውን ከቦታ ቦታ ታዘዋውራለች። የቱ ዳታ የት እንዳለ ደግሞ መዝገብ ትይዛለች።

የክሊኒክ ካርድ ክፍልን አስቡት። ካርዶቹ አንድም ሳይጎድሉ መደርደሪያው ላይ ቢኖሩም፣ የካርድ ቁጥሩ መዝገብ ከጠፋ የማንንም ካርድ ማግኘት አይቻልም። ፈርምዌር ማለት ይህችን መዝገብ ያዥ የሚመራት ደንብ ነው። ደንቡን የጻፈው የፋብሪካው ሰው ነው። ሰው የጻፈው ነገር ደግሞ ስህተት አያጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በኖቬምበር 2019 እ.ኤ.አ. ኤችፒኢ የተባለው የሰርቨር አምራች ለደንበኞቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሰሩ ይሞታሉ የሚል ነበር። ከሞቱ በኋላ ዲስኩም ዳታውም አይመለስም። መፍትሔው ሰዓቱ ሳይደርስ ኤችፒዲ8 የተባለውን አዲስ ፈርምዌር መጫን ነው።

32,768 የምትባለዋን ቁጥር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሲያያት ወዲያው ይነቃል። አሥራ አምስት 2ዎችን እርስ በርስ ስታባዟቸው የምትመጣ ቁጥር ናት። በ16 ቢት የሚቆጥርና ከዜሮ በታችም የሚቆጥር ቆጣሪ ከ32,767 በላይ መሄድ አይችልም። አንድ ሲጨመርበት ከዜሮ በታች ወዳለው ጫፍ ይገለበጣል። የድሮ መኪና ኪሎሜትር 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ እንደሚመለሰው ማለት ነው።

ወደ እኛ አቆጣጠር ላምጣው። 32,768 ሰዓት ማለት 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የበራና አንዴም ያልጠፋ ዲስክ፣ ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል። እኛ ጋ መብራት ስለሚጠፋ ቀኑ ይገፋ ይሆናል እንጂ አይቀርም።

«ሬይድ አለኝ እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ሬይድ ዳታውን በብዙ ዲስኮች ላይ የሚያከፋፍል ዘዴ ነው። ሬይድ 5 ላይ አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል፤ ሬይድ 6 ላይ ሁለት ቢሞቱም ይቀጥላል። ግን ዲስኮቹ እንዴት እንደተገዙ አስታውሱ። ስድስቱም በአንድ ካርቶን መጡ። በአንድ ቀን ተሰኩ፣ በአንድ ደቂቃ በሩ። መብራት ሲጠፋም አብረው ጠፉ። ስለዚህ የስድስቱም ቆጣሪ እኩል ነው፤ 32,768 ሲሞላም ሁሉም ጋ የሚሞላው በአንድ ሰሞን ነው። የመጀመሪያውን ሬይዱ ይሸከመዋል። ምትክ ዲስክ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ። በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ 40,000 ሰዓት ላይ የሚሞቱ ሌሎች ኤስኤስዲዎች እንዳሉ ያው ኩባንያ አስታወቀ። ለእነዚያም መዳኛው ያው ነበር፤ ቀድሞ ፈርምዌር መቀየር።

«የሚሰራን አትንካ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ሰውን ያጠፋል። ዲስኩ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይሰራልና።

ፈሪዎቹም ግን ያለ ምክንያት አይፈሩም። በጃንዋሪ 2009 እ.ኤ.አ. ሲጌት የተባለው የዲስክ አምራች ባራኩዳ 7200.11 በሚባሉት ሀርድ ዲስኮቹ ላይ ችግር ተገኘበት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ዲስኩ አይታይም። ኩባንያው ማስተካከያ ፈርምዌር አወጣ። ያ ማስተካከያ ራሱ አንዳንዱን ደህና ዲስክ አልነሳ አስባለው። ኩባንያው ፋይሉን አንስቶ ሌላ አዘጋጀ። ዋናው ችግር ሳይደርስበት በማስተካከያው የተጎዳው ሰው የሚያሳዝነው ነው።

እኔ ከሁለቱ ታሪኮች የምይዘው እንዲህ ነው። አምራቹ «ወሳኝ» ብሎ ያወጣውን፣ ዳታ ይጠፋል ወይም ዲስክ ይሞታል የሚለውን፣ ሳምንት አላሳድረውም። «ፍጥነት ያሻሽላል» ዓይነቱን ግን ቢያንስ አንድ ወር እጠብቀዋለሁ። ችግር ካለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሰማል። እንደ እኛ መለዋወጫ ሩቅ የሆነበት ከተማ ላይ ፊተኛ መሆን ምንም ትርፍ የለውም።

ሥራው የሚጀመረው ያላችሁን በማወቅ ነው። ሊኑክስ ላይ ስማርትሲቲኤል የምትባል ትእዛዝ አለች። የዲስኩን ሞዴል፣ የመለያ ቁጥር፣ የፈርምዌር ቁጥርና ስንት ሰዓት እንደሰራ ትነግራችኋለች። ዊንዶውስ ከሆነ የአምራቹ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ያሳያችኋል። ይህን ደብተር ላይ ጻፉት። ሰርቨሩ ላይ ባለ ፋይል ብቻ አትጻፉት፤ የምትፈልጉት ሰርቨሩ አልነሳ ባለ ቀን ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። በዴል ወይም በኤችፒኢ ስም የሚሸጥ ዲስክ ውስጡ የሳምሰንግ ወይም የሲጌት ሊሆን ይችላል። ፈርምዌሩ ግን የሰርቨሩ አምራች ያስተካከለው ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከሰርቨሩ አምራች ውሰዱ፤ ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ ለሌላ ገበያ ያወጣውን አትጫኑበት። በተለይ አንዱ ዲስክ ሞቶ መርካቶ የተገዛ ምትክ ከገባበት ሰርቨር ላይ ተጠንቀቁ። መልኩ አንድ ቢሆንም ሞዴሉ ላይሆን ይችላል።

ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን ማስታወሻ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አንብቡት። አንዳንዱ ፈርምዌር ከአሮጌው ቀጥታ አይጫንም፤ መሀል ላይ ሌላ ቁጥር መርገጥ ይፈልጋል። አንዳንዱ አንዴ ከተጫነ ወደ ኋላ አይመለስም። አንዳንዱ ደግሞ ሪስታርት አይበቃውም። ገመዱ ተነቅሎ ሰርቨሩ ፍጹም መጥፋት አለበት።

ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ይወርዳል። አብዛኞቹ አምራቾች ከፋይሉ ጎን ከይዘቱ የተሰላ ረዥም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያስቀምጣሉ፤ ሻ-256 ይባላል። የወረደውን ፋይል በዚያው መንገድ አስልታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ሌላ ነው፤ አጥፉትና እንደገና አውርዱ። ብዙ ጊጋባይት የሚመዝነውን ሙሉ ጥቅል ማውረድም ግድ አይደለም። የዲስኩን ብቻ ለይቶ ማውረድ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ባክአፕ ላይ ልቆይ። ሬይድ ባክአፕ አይደለም። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው። በስህተት የጠፋን ወይም በተበላሸ ፈርምዌር የተዘበራረቀን ዳታ አይመልስም። ባክአፕ ሌላ ዕቃ ላይ መሆን አለበት፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ ከዚያ ሕንፃ ውጪ። ከሁሉ በላይ ግን ተመልሶ መታየት አለበት። «ባክአፕ አለን» ይሉኛል። «መቼ መልሳችሁ ሞከራችሁት?» ስል ዝም ይላሉ። እኔ አንድ ላፕቶፕ ላይ ዳታቤዙን እመልሰዋለሁ። ከዚያ የካርድ ክፍሏን ሰራተኛ እጠራና «ትናንት ከሰዓት ያስገባሽውን ታካሚ ፈልጊልኝ» እላታለሁ። ካገኘችው ባክአፕ አለን ማለት ነው። ካላገኘችው ፈርምዌሩ ይቆይ፤ የዚያን ቀን ሥራችን ሌላ ነው።

ቀጥሎ መብራት። አዲሱ ፈርምዌር መጀመሪያ ወደ ዲስኩ ሜሞሪ ይገባል፤ ዲስኩ ትክክለኛነቱን ያጣራል፤ ከዚያ በአሮጌው ቦታ ይጽፈዋል። ይህ መጻፍ ብዙ ጊዜ ሰከንዶች ቢበዛ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በዚያች መሀል መብራት ከጠፋ ዲስኩ ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ደንብ ይዞ ሊቀርና ዳግም ላይነሳ ይችላል። አንዳንዶቹ አሮጌውን ቅጂ አስቀምጠው ነው የሚጽፉት። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ፈጣን ኤስኤስዲዎች ለምሳሌ ከ1 እስከ 7 የሚደርስ የፈርምዌር ማስቀመጫ ሊኖራቸው ይችላል። የእናንተ ስንት እንዳለው ሳታዩ ግን በዚህ አትተማመኑ።

ስለዚህ ዩፒኤሱን፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየውን ሳጥን፣ ቀድማችሁ ፈትኑት። የዩፒኤስ ባትሪ ዝም ብሎ ያረጃል። አረንጓዴ መብራቱ በርቶ፣ መብራት ሲጠፋ ግን ሁለት ደቂቃ የማይቆይ ስንት አይቻለሁ። ሥራ በሌለበት ቀን፣ ባክአፕ ከተያዘና ሰርቨሩ በሥርዓት ከጠፋ በኋላ፣ ተመጣጣኝ ጭነት ሰክታችሁበት ከግድግዳው ንቀሉትና በሰዓት ያዙት። ጄኔሬተር ካለ ደግሞ ነዳጁን በዓይናችሁ እዩ። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም እኔ ይህን ሥራ አልጀምርም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ክፍሏ ጠባብ ከሆነች ሥራው እስኪያልቅ በሯን ክፈቱት።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ልጁ ጎበዝ ልጅ ነው። ባክአፕ ይያዝልኝ ብሎ ጠይቆ ዕቃ አልተገዛለትም። የሬይድ ኮንትሮለሩን ፈርምዌር ቀየረ። ኮንትሮለር ማለት ዲስኮቹን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚመራው ካርድ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ «ፎሪን ኮንፊገሬሽን ተገኝቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ኮንትሮለሩ «እነዚህ ዲስኮች ላይ የተጻፈውን አደረጃጀት የእኔ ነው ብዬ አልመዘገብኩትም፤ ምን ላድርገው?» ማለቱ ነው። ምርጫው ሁለት ነው። ኢምፖርት ካላችሁት ከዲስኮቹ ላይ ያነበዋል። ክሊር ካላችሁት ያጠፋዋል። ልጁ «ፎሪን» የሚለውን ሲያይ የባዕድ ነገር መሰለው። ክሊር አለው። እኔ የተጠራሁት በማግስቱ ነው። አራቱም ዲስኮች አረንጓዴ እያበሩ ነበር፤ አንዳቸውም አልተበላሹም። ዳታው እላያቸው ላይ ተበትኖ አለ፤ እንዴት እንደተደረደረ የሚያውቅ ግን የለም። የዲስኮቹን ቅደም ተከተልና የሬይዱን ዓይነት የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ ያው አደረጃጀት ዳታውን ሳይነካ መልሶ የመገንባት ተስፋ ነበረው። የጻፈ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮንትሮለር ከመንካቴ በፊት የአደረጃጀቱን ገጾች በሙሉ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። የትኛው ዲስክ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንዳለ፣ የሬይዱ ቁጥር፣ ዳታው ለዲስኮቹ ሲከፋፈል የሚቆረጥበት የቁራጭ መጠን፣ ሁሉንም። የኮንትሮለሩን ባትሪም አያለሁ። ኮንትሮለሩ ዲስክ ላይ ገና ያልጻፈውን ዳታ ሜሞሪው ላይ ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ያንን የሚያድነው ባትሪው ነው። ባትሪው ካረጀ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ሰርቨሩን ደግሞ በሥርዓቱ አጥፉት፤ በቁልፉ ጨፍልቃችሁ አይደለም።

ሬይዱ ጤነኛ መሆኑን ሳታዩም አትጀምሩ። «ኦፕቲማል» ማለት አለበት። አንድ ዲስክ ሞቶበት «ዲግሬድድ» ከሆነ ወይም ገና እየተገነባ ከሆነ ፈርምዌር አይነካም። መጀመሪያ ዲስኩ ይተካ፣ ግንባታው ይለቅ። ከዚያ ሁሉንም ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነበውን ፍተሻ አካሂዱ። ተደብቆ የቆየ ስህተት ካለ ያኔ ይውጣ።

በሥራ ሰዓት ሰርቨሩ እየሰራ መቀየር ይቻላል የሚሉ መሣሪያዎች አሉ። እውነት ነው፤ ይቻላል። ዲስኩ ፈርምዌሩን ሲቀይር ግን ለጥቂት ጊዜ መልስ አይሰጥም። ዝምታው ከረዘመ ኮንትሮለሩ «ሞቷል» ብሎ ከቡድኑ ያወጣዋል። ትልቅ ዳታ ሴንተር ያለው ይህን ይችለዋል። አንድ ሰርቨር ላለው ክሊኒክ ሌሊቱ ይሻላል። ሳታ በሚባለው የተለመደ ማገናኛ ለሚሰካ ዲስክ ኤችዲፓርም የተባለችው የሊኑክስ ትእዛዝ ፈርምዌር መጫን ትችላለች፤ ግን «ምን እንደማደርግ አውቃለሁ» እና «እባክህ ዲስኬን አጥፋው» የሚሉ ሁለት ቃላት ሳትጽፉ እሺ አትልም። የሠራት ሰው ያንን ያስገባው ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው። የአምራቹ መሣሪያ ካለ በእሱ ሥሩ።

ባለፈው ማራኪ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሠራነው እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተረኛዋን ነርስ «ሲስተር፣ እስከ 8 ሰዓት ካርድ በወረቀት ይሁን» አልናት። ቀድማ ስለሰማች ወረቀቱን አዘጋጅታ ነበር። ዘበኛውን ጋሼን ጄኔሬተሩ አጠገብ እንዲሆኑልን ለመንናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። የመጨረሻው ባክአፕ ተያዘ፣ ተመልሶ ታየ። ሰርቨሩ ጠፍቶ በአምራቹ ፍላሽ ተነሳ። ፋኖቹ በሙሉ ኃይላቸው ጮኹ፤ ያልለመደው ሰው የተበላሸ ይመስለዋል፣ ግን ሲነሳ ሁሌም እንዲያ ነው።

አንድ ዲስክ ብቻ መረጥን። አዲሱ ቁጥር እስኪታይ ጠበቅን። ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን፣ ገመዱን ነቅለን፣ መልሰን አስነሳነው። ሬይዱ «ኦፕቲማል» አለ። ስህተት የሚመዘገብበትን ገጽ አየን፤ አዲስ ነገር የለም። ያኔ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አንድ ላይ ቢደረጉ አንድ ሰዓት እናተርፍ ነበር። ፋይሉ ችግር ካለበት ግን አንድ ዲስክ ሲሞት ሬይዱ ይችለዋል፣ ሦስት ሲሞቱ አይችልም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ የፈሰሰ ዳታ አይለቀምም።

አራተኛው እምቢ አለ። «ይህ ፋይል ለዚህ ዲስክ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ መጣ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «በግድ ጫን የሚል ምርጫ አለው እኮ» አለኝ። ዲስኩን አውጥተን በስልክ መብራት አየነው። ተለጣፊው ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር መጨረሻው ላይ በአንድ ፊደል ይለያል። ከሁለት ዓመት በፊት በምትክ የገባ ነበር። ከማስጠንቀቂያው ዝርዝር ውስጥም የለበትም። እንዳለ መለስነው፤ ዲስኩ የወጣው ሰርቨሩ በሥርዓት ከጠፋ በኋላ ስለነበረ ሬይዱ ምንም አላለም።

ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተሙ ተነሳ። ሲስተር በወረቀት የያዘቻቸውን ሁለት ታካሚዎች አስገባች። እኛ ደብተሩን አውጥተን ቀኑን፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳ አሮጌና አዲስ ቁጥር፣ የሰሩበትን ሰዓት ጻፍን። ከአራተኛው ጎን «የተለየ ሞዴል፣ አልተቀየረም፣ ምክንያቱ ገጽ 12» አልን። ፋይሉን ከነአሮጌው ፈርምዌር ፍላሹ ላይ አስቀርተን ደብተሩ ሽፋን ውስጥ ከተትነው። ሳምንቱን ሙሉ ልጁ ጠዋት ጠዋት የስህተት ገጹን እያየ በስልክ ይልክልኝ ነበር።